ሸጋ የቀመሰችለት ገበያ

ዳንግላ ከተማ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛው የይኸነው ስም ከተነሣ፣ ሰው ፈገግ ብሎ «ዛሬ ደግሞ የት ገበያ ሄዶ ይሆን?» ማለቱ አይቀርም ነበር። የፈነዳ ቧንቧ መጠገን እንጀራው ነው፤ ነፍሱ ያለችው ግን ገበያ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መፍቻውን ከብስክሌቱ ብረት ጋር በላስቲክ ጠፍሮ ከቤት ቤት ሲዞር ይውላል። ቅዳሜ ሲነጋ መፍቻው ይፈታና በቦታው ኢንጅባራ ያሠራው የቀርከሃ ቅርጫት ከኋላ መጫኛው ላይ ይታሰራል። ግራና ቀኝ ከአሮጌ ሸራ የተሰፉ ሁለት ኪሶች ይንጠለጠላሉ፤ አንዱ ለድንችና ለሽንኩርት፣ ሌላው መፍሰስ ለሚወድ ነገር። የቀኝ እግር ሱሪውን ካቴናው እንዳይበላበት በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ያስረዋል። ክረምት ከሆነ እስከ ጉልበቱ የሚወርድ የላስቲክ ካፖርት ይደርባል፤ ኮርቻው እንዳይርስ የሚያለብሰው ፌስታልም ከኪሱ አይለይም።

እንዲህ ታጥቆ ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ ሽቅብ ይወጣል። ኢንጅባራ ወይም ጥሊሊ የሚሄድ ከሆነ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ይሄድና፣ ሲመለስ ቁልቁለቱን እያፏጨ ይንደረደረዋል።

ገበያ ሲገባ ለመግዛት አይቸኩልም። ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ይዞራል። ቅቤ ተራ ሲደርስ በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ የእጁ ጀርባ ላይ ያሽና ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ማር ተራ ላይ ማር የነካ እንጨት አፍንጫው ሥር ይዞ ረጅም ጊዜ ይቆማል። ሻጮቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ከሩቅ ሲያዩት «ና እስቲ ይኸነው፣ የእኔን አሽትተህ ፍረድ!» ብለው ይጠሩታል። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጎመን በአይብ፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየቀመሰ ሲዞር ፀሐይ ታዘቀዝቃለች።

ከሁሉም የሚወደው ደግሞ ቤት ገብቶ ያየውንና የቀመሰውን ለሚስቱ ለሸጋ መንገር ነው። ቅርጫቱን አውርዶ አንድ በአንድ እያወጣ፣ «ሸጋዬ፣ ይቺን ቅቤ ተመልከቻት፤ ስትከፍቻት መጀመሪያ ሣር ሣር ትላለች፣ ቆየት ብላ ደግሞ...» እያለ ይቀጥላል። ሸጋ ምስር እየለቀመች ታዳምጠዋለች። ሲጨርስ ቀምሳ «ጥሩ ነው» ትላለች። በቃ፣ ሁልጊዜ መልሷ እሱ ነው።

ሸጋ የተወለደችው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ አማርኛን የያዘችው ትምህርት ቤት ገብታ፣ ይበልጡን ደግሞ ይኸነውን አግብታ ዳንግላ ከመጣች ወዲህ ነው። ይኸነው በበኩሉ ከጎጃም አማሮች የተወለደ የከተማ ልጅ ነው፤ ከሚስቱ ቋንቋ የሚያውቀው ሰላምታና ሁለት ሦስት ስድብ ብቻ ነበር። ሸጋ ገበያ አትወድም። አስቤዛ ቢያልቅባት እንኳ ከጉልት ገዝታ ትመለሳለች እንጂ ትልቁ ገበያ መሀል አትገባም። ይኸነው ለምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። አንዳንድ ሰው ገበያ አይወድም፣ እንዲያው የተፈጥሮ ነገር ነው ብሎ ተቀብሎት ኖረ።

አንዲት ልጃቸው ሃና ባሕር ዳር ትማር ነበር። ብስክሌት ነጂ ተገጭቶ ስታይ ደንግጣ ለአባቷ የራስ መከላከያ ሄልሜት ገዝታ ላከችለት። ይኸነው ገለባብጦ አየውና «ድስት ደፍቼማ ገበያ አልሄድም፤ ሰው ሸክላ ሊሸጥ መጣ ይለኛል» ብሎ ጓዳ ጥግ ጣለው። በሳምንቱ ዶሮዋ ገብታ እንቁላል ጣለችበት። ከዚያ ወዲያ ሄልሜቱ የዶሮዋ ሆነ፤ ይኸነውም ባለቤትነቷን አከበረላት።

የ2006 ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው ነገሩ የደረሰበት። ለዘመን መለወጫ የሚሆን ቅቤ ገዝቶ ከአዲስ ቅዳም ቁልቁል እየወረደ ነበር። ዝናቡ በድንገት ወረደ። ነፋሱ የላስቲክ ካፖርቱን ጫፍ ከፊት አንሥቶ ፊቱ ላይ ለጠፈበት። በአንድ እጁ ሊገልጠው፣ በሌላው ፍሬን ሊይዝ ሲታገል ጎማው በረጠበው አስፋልት ላይ ተንሸራተተ። የኋላ ጭንቅላቱ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጋር ተላተመ።

ያገኘው ጎረቤታቸው ባለጋሪው ደሴ ነው። ጭነቱን አራግፎ ይኸነውን ጋሪው ላይ አስተኛና መኪና እስኪያገኝ ድረስ ፈረሱን እያስጋለበ አወረደው። ሆስፒታል ሰነበተ። ቁስሉ ተሰፋ፣ ማዞሩ ቀስ በቀስ ተወው፣ ሐኪሞቹም «እግዜር አውጥቶሃል» ብለው ሸኙት። ሸጋ በደስታ ዶሮ አረደች፤ ያቺን የሄልሜቷን ዶሮ ግን አልነካቻትም። ወጡን ስትሠራ ውላ አቀረበችለት።

ይኸነው አንድ ጎረሰ። ደገመ። ዙሪያውን አየት አደረገ።

«ሸጋ፣ ኮረሪማ አልቆብሽ ነው?»

«ኧረ ገብቷል።»

«ቅቤውስ?»

«የዚያን ቀን የገዛኸው ነው፤ ደሴ አንድም ሳይጎድልበት አምጥቶታል።»

ሦስተኛ ጎረሰ። ጨው ይሰማዋል፤ በርበሬው ምላሱን ያቃጥለዋል። ሌላ ነገር ግን የለም። ተነሥቶ ጓዳ ገባና የቅቤውን ዕቃ ከፍቶ አፍንጫውን ሊነክር ምንም አልቀረውም። ሻማ ያሸተተ ያህል እንኳ አልመጣለትም። ከዚያ ጥቁር አዝሙዱን፣ ከዚያ በሶብላውን፣ ከዚያ የፋኖሱን ነጭ ጋዝ አነሣ። ሸጋ ከበር ላይ ቆማ ስታየው በየተራ እየከፈተ፣ በየተራ እየዘጋ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙን ሲጠይቀው፣ ጭንቅላት ሲመታ የማሽተት ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል ነገረው። «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። መጠበቅ ነው» አለው። ይኸነው አመስግኖ ወጣ።

የሚያስቸግረው፣ ይህን ኀዘን ለሰው መንገር አለመቻሉ ነበር። እግሩ የተቆረጠ አለ፣ ዓይኑ የጠፋ አለ፤ ቅቤ አልሸት አለኝ ብሎ ማን ፊት ያለቅሳል? ደሴ አንድ ጊዜ «እንዲያውም ሽንት ቤት ቧንቧ ስትጠግን ይጠቅምሃል» ብሎ ሊያስቀው ሞከረ። ይኸነው ሳቀለት። ቤት ሲገባ ግን ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ሸራ አለበሰው። ሥራ የሚሄደው በእግሩ ሆነ። እንጀራውን እንደ ኪኒን እየዋጠ ይነሣል። ዘመን መለወጫው መጣና ሄደ፤ መስቀልም እንዲሁ። ደመራው ሲቃጠል ዳር ቆሞ እሳቱን አየ፣ ጢሱ ግን ወደ እሱ አልደረሰም።

ሸጋ የቤቷን ጸጥታ መስማት የጀመረችው በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው። ምስሯን ይዛ ትቀመጣለች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጆሮዋ ወደ በሩ ይሄዳል፤ የቅርጫቱን መንቋቋት፣ «ሸጋዬ፣ ይቺን ተመልከቻት!» የሚለውን ድምፅ ትጠብቃለች። ለካ ያን ሁሉ ዓመት በግማሽ ጆሮ የሰማችው ወሬ ነበር ቤቱን ቤት ያደረገው። አሁን ባሏ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ናፈቃት።

በጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሸራውን ከብስክሌቱ ላይ ገፈፈችው።

«አውጣው» አለችው።

«ምኑን?»

«ብስክሌቱን። አዲስ ቅዳም እንሄዳለን።»

«ማንና ማን?»

«እኔና አንተ ነና! ሌላ ማን አለ?»

ይኸነው ትክ ብሎ አያት። «እኔ አሁን ገበያ ሄጄ ምን ላድርግ? ቅቤና ጭቃ አንድ ሆነውብኝ።»

«አንተ ትነዳለህ፤ እኔ እቀምሳለሁ። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

«አንቺ? አንቺ እኮ ማር ቢሰጡሽም ጥሩ ነው፣ ድንች ቢሰጡሽም ጥሩ ነው!»

«እንግዲያስ እማራለኋ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከውስጥ የዶሮ ጩኸትና የክንፍ መራገብ ተሰማ። ስትወጣ ሄልሜቱን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች ነበር። ገለባው ገና አልረገፈለትም። «ይህን ሳታጠልቅ ግን ከዚህ በር አትወጣም።»

ይኸነው ክርክር አላበዛም። ሄልሜቱን አጠለቀ፤ ሸጋ የአገጩን ማሰሪያ አጠበቀችለት። ጋቢ አጥፋ የኋላ መጫኛው ላይ አደረገችና እስከ መናኸሪያው ድረስ እዚያ ላይ ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ኮቱን ጨምድዳ ሄደች። ደሴ ከጋሪው ላይ ሆኖ ሲያያቸው እልል አለ። መናኸሪያ ሲደርሱ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ አስጭነው ወጡ።

ቅቤ ተራ እትዬ እታለማሁ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ይኸነው የቆየ ደንበኛቸው ነው። ሲያዩት ከተቀመጡበት ተነሡ። «አንተ ልጅ! ሞተ ብለውኝ እኮ ነበር! ይህ ራስህ ላይ ያደረግኸው ደግሞ ምንድን ነው?»

የሆነውን ሸጋ ነገረቻቸው። እትዬ እታለማሁ ከንፈራቸውን መጠጡና ቅሉን ከፈቱ። ሸጋ ባሏ ሲያወራ እንደሰማችው በጣቷ ቆንጥራ የእጇ ጀርባ ላይ አሸች፣ አሸተተች፣ ቀመሰች።

«እህ?» አለ ይኸነው።

«ጥሩ ነው።»

«ይኸው!»

«ቆይ እስቲ... ቅቤ ቅቤ ይላል።»

«ቅቤ ቅቤ ካላለማ ምን ሊል ነው? ሸጋ፣ በናትሽ እንመለስ።»

«አትጩህብኛ! ቃሉ ከየት ይምጣልኝ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንደገና ቀመሰች። ከዚያ ወደ እትዬ እታለማሁ ዞር ብላ በአገውኛ አንዲት ቃል ጣል አደረገች። አሮጊቷ ጭናቸውን መትተው ሳቁ፣ ቃሏን ደገሟት፣ ከዚያም ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ።

«ምን አልሻቸው?»

«ለእሱ አማርኛ የለኝም።»

«ሞክሪዋ።»

ሸጋ ቁጢጥ አለች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች ቀጠለች። «ልጅ ሆኜ እናቴ ቅቤውን በወይራ በታጠነ ቅል ከጥጆቹ ማደሪያ አጠገብ ታኖረው ነበር። ጠዋት ስትከፍተው የሚመጣ ነገር አለ፤ ጢስም አይደለም፣ ወተትም አይደለም። ልክ ሕፃን ከእንቅልፉ ሲነሣ አንገቱ ሥር እንደሚሸተው። ሃና ትንሽ ሆና አንተ አንገቷን ታሸት አልነበር? እሱ ነው። የእኛ ሰው ያንን ሁሉ በአንድ ቃል ይለዋል።»

ይኸነው ዓይኑን ጨፈነ። አፍንጫው ላይ ምንም አልመጣም። ግን የሃናን አንገት አስታወሰ፤ ሙቀቱን፣ ከጆሮዋ ሥር የነበረችውን ላብ። ዓይኑን ሲገልጥ እትዬ እታለማሁ ወደ ሌላ ወገን እያዩ ነበር።

«ቃሉን ድገሚልኝ» አላት።

ደገመችለት። እሱም ሞከረ፤ ሦስተኛው ላይ ሻጮቹ ሁሉ አጨበጨቡለት።

ከቅቤ ተራው ሲወጡ በከሰል ጆንያዎቹ መሀል አልፈው ማገዶ ተራ ደረሱ። አንዲት ሴት ከወገቧ ታጥፋ፣ ጭራሮ ተሸክማ፣ ገመዱ ግንባሯ ላይ ተጋድሞ ትመጣለች። ሸጋ ሳታስብ ተንደርድራ ሄዳ ሸክሙን ከሥር ደገፈችና አወረደችላት። ሴትዮዋ መርቃት ሄደች። ሸጋ ግን እዚያው እጇን እያየች ቆማ ቀረች።

«ምነው?» አላት ይኸነው።

«እኔም በዚህ መንገድ ነበር የምመጣ። በየቅዳሜው። እዚህ ነበር የማራግፈው።» በአገጯ ወደ ገበያው መግቢያ አመለከተች፤ አንዲት ሴት ትልቅ ድስት ጥዳ ድንች ትቀቅላለች። «ያኔም እዚያች ቦታ ላይ ድንች ይቀቀል ነበር። ከሸክሜ ሥር ሆኜ ሽታው ሲመጣ ምራቄን እየዋጥሁ አልፍ ነበር። እንጨቱ የተሸጠበትን ለእናቴ ነው ይዤ የምገባ፤ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም። አንተ ከዚህ ገበያ እያመጣህ ስትነግረኝ፣ ወሬህን እወደው ነበር። ምግቡ ግን አልዋጥ ይለኝ ነበር።»

ይኸነው ብስክሌቱን እንደያዘ ቀረ። በየሳምንቱ ቅርጫቱን ዘርግቶ ሲያወራ የኖረው፣ ያን ሁሉ «ሣር ሣር ይላል፣ አበባ አበባ ይላል»፣ ለማን እንደነበር አሁን ገባው። ይቅርታ ልበል ብሎ አፉን ከፈተ፤ እሷ ቀደመችው።

«ና፣ ግዛልኝ» አለችው።

ድንቹን በኮባ ቅጠል ላይ ተቀበሉ። ሸጋ ልጣጩን ገፈፍ አድርጋ ሚጥሚጣ አስነካችው፣ እፍ እፍ አለችና ጎረሰች። አኘከች። ቀና አላለችም። ይኸነው እንዴት ነው ብሎ ለመጠየቅ ያልደፈረበት የመጀመሪያው ጊዜ ያ ነው።

«ከሽታው ያንሳል» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ሳቅ አፈናት። «ያን ያህል ዓመት ያስጎመጀኝ ይኸው ነው? አፈር አፈር ይላል! ግን ደግሞ... ጨምርልኝ እስቲ።»

ሲመለሱ ቁልቁለቱን በብስክሌት ወረዱ። ይኸነው በየመታጠፊያው ፍሬን እየያዘ፣ ሸጋ ከኋላው ጀርባው ላይ ተለጥፋ፣ ቅርጫቱ ቦታውን ለእሷ ለቆ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ። ካፖርቱ አሁን ጫፉ ላይ ሁለት ማሰሪያ ተሰፍቶለታል፤ ነፋስ አያነሣውም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። ገበያ ይወጣሉ፤ ሸጋ ትቀምሳለች፣ መጀመሪያ በአገውኛ ትለዋለች፣ ቀጥላ አማርኛውን ትፈልጋለች። አንዳንዱን ለማስረዳት መንገዱን ሙሉ ትጨርሳለች። ለመጀመሪያው ዝናብ፣ ለተቆረጠ ገብስ፣ ለኮመጠጠ ጠላ፣ ብዙ ሰው ለዋለበት ቤት ሽታ ቃል አላት። ይኸነው ቧንቧ እየጠገነ ቃላቱን ለራሱ ሲያነበንብ የሚሰሙት የቤት እመቤቶች ጸሎት ያደርግ ይመስላቸው ነበር። ከገጠር የመጡ ደንበኞቹን በቋንቋቸው ሲያናግራቸው ደግሞ ይደነግጡና፣ አነጋገሩን ሲሰሙት ይስቃሉ፤ ሲስቁ ያርሙታል።

ሸጋም ተለወጠች። ገበያ መሀል እጇን እያወናጨፈች መሄድ ወደደች። አንድ ቀን ማር ተራ ላይ ከሻጩ ጋር ስትከራከር፣ ማሩ ውኃ ነካክቶታል አልነካካውም ብለው አካባቢውን ሲያሟሙቁት፣ ይኸነው ብስክሌቱን ይዞ ቆሞ በደስታ ያያት ነበር። ብስክሌት ያዥ መሆኑ ደስ አለው።

ጥር ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ዕለት፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል ኢንጅባራ ላይ ሲከበር፣ የሸጋ ወንድም ስማቸው ከገጠር በፈረሱ መጣ። ፈረሱ ባለብዙ ቀለም ጥልፍ ለብሶ፣ ግንባሩ ላይ ጌጥ አንጠልጥሎ፣ አልቆምም እያለ ይወራጫል። ይኸነውና ሸጋም ብስክሌቱን ይዘው ነበር። ስማቸው ከኮርቻው ላይ ሆኖ አማቹን ከነሄልሜቱ ቁልቁል አየውና በአገውኛ ጠየቀው።

«ይህን በቅሎህን ምን ታበላዋለህ?»

«ዘይት» አለው ይኸነው፣ እሱም በአገውኛ።

ስማቸው ከፈረሱ ሊወድቅ ደረሰ። እህቱን አየ፣ አማቹን አየ። «ማን አስተማረው?»

«ቅቤ» አለች ሸጋ።

ሜዳው በሰው ሞልቷል። ፈረሰኞቹ እየተከታተሉ ሲጋልቡ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ዳሱ ሥር ደግሞ የስማቸው ዘመዶች የዳጉሳ ጠላና ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። ለይኸነው ዋንጫ ሰጡትና ፍረድ አሉት። ሸጋ ቀመሰችለት፣ በጆሮው ነገረችው። ይኸነው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገና ጠላውን በአገውኛ ማመስገን ጀመረ። መሀሉ ላይ ግን ቃሉ ተምታታበት፤ ያቺኑ የመጀመሪያዋን ቃል፣ የቅቤዋንና የሕፃን አንገቷን፣ ለጠላው ሰጣት። ዳሱ ሥር ያለው ሰው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ባልቴት ዋንጫቸውን አንሥተው «እንግዲህ ይህን ሕፃን አቅፌ ላስተኛው!» አሉ። ሸጋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ስማቸው ግልቢያውን ጨርሶ የመጣው በዚሁ ሳቅ መሀል ነው። ፈረሱ በላብ ተነክሯል፤ ከአንገቱ ላይ እንፋሎት ይወጣል። ልጓሙን ይዞ ከዳሱ አፍ፣ ከይኸነው ትከሻ አጠገብ አቆመው።

ይኸነው ንግግሩን አቋረጠ። ፊቱ ተለወጠ። ዋንጫውን ለሸጋ ሰጣትና ወደ ፈረሱ ዞረ። አፍንጫውን አንገቱ ላይ፣ ከጥልፉ ሥር፣ እርጥቡ ፀጉር ውስጥ ቀበረው።

«ምን ሆነ ሰውዬው?» አለ ስማቸው።

«ሸተተኝ» አለ ይኸነው። ድምፁ ተሰባበረ። «ሸጋ! ሸተተኝ! ላቡ ሸተተኝ!»

ሸጋ ዋንጫውን ጥላ መጣች። ይኸነው የፈረሱን አንገት አቅፎ አንዴ ሲያሸት፣ አንዴ ቀና ብሎ ሲስቅ ቆየ። ከዚያ ሌላውን ፈረስ ፍለጋ ሄደ። ያን ዕለት የኢንጅባራ ሜዳ ላይ ከፈረስ ወደ ፈረስ እየዞረ አንገት የሚያሸት ባለሄልሜት ሰው ያዩ ሰዎች አእምሮው የተነካ ሳይመስላቸው አልቀረም። ሸጋ ከኋላው እየተከተለች ባለፈረሶቹን «አይዟችሁ፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው» ትል ነበር። ፋንድያ ሲሸተውማ ከደስታው ብዛት ተቀመጠ።

ሁሉም ግን አልተመለሰለትም። ከፈረሱ በኋላ ነጭ ጋዝ መጣ፣ ከዚያ የሚያር ሽንኩርት፣ ከዚያ ጢስ። ቡና ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን ተዛብቶ የተቃጠለ ጎማ ሆኖ መጣ፤ ይኸነው ሳይወድ ተወው። ቅቤና ማር፣ እነዚያ የሚወዳቸው ስሱ ስሱ ነገሮች፣ በሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ አንዳንዴ ጭል ብለው ይጠፋሉ። መጀመሪያ ሰሞን በየጠዋቱ የቅቤ ዕቃ እየከፈተ ይሞክር ነበር። በኋላ ተወው። ሸጋ አለችለት።

ሃና ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ለእናቷ ብረቱ ዝቅ ያለ፣ ቀሚስ የማያስቸግር የሴት ብስክሌት ገዛችላት። ሸጋ መጀመሪያ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ አደረገችና ሜዳ ወጣች። ይኸነው ከኋላ ይዟት እየሮጠ፣ ደሴ ከጋሪው ላይ እየመከረ፣ የጉልበቷ ቆዳ ሁለቴ ተልጦ ለመደችው። ለራሷም ሄልሜት ገዛች፤ ቀይ። መንደሩ ትንሽ አወራ፣ ሰለቸው፣ ተወ። ሴት አስተማሪዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን ሱሪውን የት እንዳሰፋች እየመጡ ይጠይቋት ጀመር።

በ2010 ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከጥሊሊ ነጭ ሽንኩርት ጭነው ሲመለሱ፣ እስከ ኢንጅባራ በሚኒባስ መጥተው ከዚያ ወዲህ በየብስክሌታቸው ወረዱ። ሜዳው በሰብል ቢጫ ሆኗል፤ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ይኸነው በልማዱ በየመታጠፊያው ቀስ ይላል። ሸጋ ግን ፔዳሉን ለቅቃ ሽምጥ ወረደች፤ ቀዩ ሄልሜቷ ከመታጠፊያው ባሻገር እየታየ እየጠፋ ሄደ።

«ፍሬን ያዢ! ሸጋ! ፍሬን!» እያለ ጮኸ።

አልሰማችውም፤ ብትሰማም አትይዝም ነበር። ወደ አዲስ ቅዳም መዳረሻ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። ሸጋ ደወሏን እያንቃጨለች በመሀላቸው ስታልፍ በአገውኛ የሆነ ነገር ጮኻ ነገረቻቸው። ሰዎቹ ዞር ብለው ሽቅብ ወደ ይኸነው እያዩ ይስቁ ጀመር። ያለችው በነፋሱ ላይ ጥርት ብሎ ደረሰው። «ከኋላዬ የሚመጣው ቀርፋፋ የእኔ ነው፤ የገበያው ድንች ሳይበርድ ድረስ በሉልኝ!» ነበር ያለችው።

ይኸነው ሰዎቹ እስኪነግሩት ሳይጠብቅ ፍሬኑን ለቀቀ።